«ልይዛት ነበር እኮ»፦ ስለ ቶም፣ ስለ ጄሪና ስልክ ላይ ስላለችው ሞግዚት

ጥያቄ፦ «ወንዱ ልጄ 4 ዓመት ተኩል ሆኖታል። የ9 ወር እህት አለችው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቶምና ጄሪ ነፍሱ ነው። ሰሞኑን ደጋግሞ የሚያየው፣ ሞግዚቷ ስልክ ስታወራ ሕፃኑ እየዳኸ ከቤት ወጥቶ ጅምር ሕንፃ ላይ የሚሄድበትን ነው። ባለፈው ሳምንት ከኩሽና ስወጣ እህቱን ከፍራሽ አውርዶ፣ የውጭውን በር ከፍቶላታል። እሷ ወደ ደረጃው ትድሃለች፤ እሱ ከኋላ ቆሞ ያያል። ጮኼ ሮጬ ያዝኳት። እሱን በጥፊ መታሁት። እያለቀሰ ‹ልይዛት ነበር እኮ› አለኝ። ሞግዚቷ ያኔ ስልክ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ካርቱን የሚባል ነገር አጥፍቼበታለሁ። ባለቤቴ ግን ‹እኛም ያየነው ነው፣ ምን ሆንን?› ይላል። ይሄ የልጆች ፊልም ነው? ልጄ ለእህቱ ክፉ ሆኖባት ይሆን? ሞግዚቷንስ ላሰናብት?»

መልስ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ዋናውን ነገር የተናገረው ልጅዎ ነው። «ልይዛት ነበር እኮ።» ጥፊው ሲያመው የፈጠራት ሰበብ አትመስለኝም። ፊልሙን አይቶ የተረዳው ልክ ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ካርቱን ክፋት አስተማረው» የሚለውን ለጊዜው ያቆዩት። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ፊልሙን ራሱን መፈታታት አለብኝ። ሥራዬም እሱ ነው፤ ካርቱን እሠራለሁ፣ ለልጆች የሚዘጋጁ ፕሮግራሞችንም ከመተላለፋቸው በፊት አያለሁ። የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለሁም። ልጅዎንም አላየሁትም። ጉዳዩ ከእኔ አልፎ የሐኪም የሚሆነው መቼ እንደሆነ ታች ላይ እጽፋለሁ።

ልጅዎ የሚያየው «ቶት ዋቸርስ» የሚባለውን ነው፤ ሕፃን ጠባቂዎች እንደማለት። የወጣው በ1958 ነው። እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ጄኒ የምትባለው ስልከኛ ልጅ ግን ቀድማ በ1956 «ቢዚ በዲስ» በሚለው ውስጥ ነበረች፤ እዚያም ያው ስልኳን ነው የምታወራው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ጅምር ሕንፃ ካዩ የ1958ቱ ነው። ሁለቱንም ያዘጋጁት ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። ከ1940 ጀምሮ ኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ውስጥ 114 የቶምና ጄሪ አጫጭር ፊልሞች ሠርተዋል። ሰባቱ ኦስካር ወስደዋል። ይሄኛው የመጨረሻው ነው። ሲኒማ ቤት ሲገባ የካርቱን ክፍሉ ተዘግቶ ዓመት አልፎት ነበር። አለቆቹ አሮጌዎቹን እየመለሱ ማሳየት አዲስ ከመሥራት ያልተናነሰ ብር እንደሚያመጣ ስላዩ ነው የዘጉት።

የልጆች ፊልም ነው ወይ ላሉት፣ ለልጆች ብቻ ተብሎ አልተሠራም። ያን ጊዜ አጭር ካርቱን የሚታየው ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ከዋናው ፊልም በፊት ነበር። አዳራሹ ውስጥ አባት አለ፣ እናት አለች፣ ወጣቶች አሉ፣ ልጆችም አሉ። ቀልዱ በዋናነት የተተኮሰው ወላጆቹ ላይ ነው። የ1950ዎቹ አሜሪካዊ ወላጅ ለአንድ ምሽት ሲወጣ የጎረቤት ልጃገረድ በሰዓት ሒሳብ ይቀጥራል። ልጃገረዷ ደግሞ የወላጆቹ ጀርባ ዞር ከማለቱ የቤት ስልኩ ላይ ትጣዳለች። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው ሁሉም ይስቃል። ቶምና ጄሪ ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን ለልጆች መታየት የጀመሩት ዘግይቶ፣ በ1965 ሲቢኤስ በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ነው። «የልጆች» የሚለው ስም የተጣበቀባቸው እየቆየ ነው ማለት ነው። የ4 ዓመት ልጅ ብቻውን ሶፋ ላይ ሆኖ በስልክ አሥር ጊዜ ይመልሰዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ፊልሙ አሠራር ልግባ፤ የልጅዎ ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ይህ ቀልድ የቶምና ጄሪ ፈጠራ አይደለም። ፖፓይ በሚባለው የካርቱን መርከበኛ ላይ በ1934 የወጣ አንድ ፊልም አለ። የፖፓይ ወዳጅ ኦሊቭ ተኝታ እየሄደች ጅምር ሕንፃ ላይ ትወጣለች። ፖፓይና ባላንጣው እየተጣሉ ሊያድኗት ይሮጣሉ። በ1937 ደግሞ ስዊፒ የሚባለው ሕፃን እየዳኸ ፋብሪካ ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ሁሉ ያልፈዋል፣ የሚደቆሰው ፖፓይ ነው። ሕጉ አንድ ነው። አደጋው ውስጥ ያለው ሰው አደጋውን አያውቅም፤ ስለማያውቅም አይነካም። ሊያድነው የሚሮጠው ግን ስለሚያውቅ ይቀጠቀጣል። ዱላው ሁሉ ከሕፃኑ ወደ አዳኙ ተዛውሯል። በዚህ ፊልም ውስጥ ሕፃኑ ላይ አንዲት ጭረት አያዩም። ቶም ላይ ግን ስንት ወረደ!

ጅምር ሕንፃው ላይ ያለውን ልብ ብለው ይዩት። ሕፃኑ አንድ አግዳሚ ብረት ጨርሶ እጁን ወደ ባዶ አየር ሲዘረጋ ሌላ ብረት ይደርሳል። አይቸኩልም፣ አይዘገይም። የሚድህበት ፍጥነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ፊቱም አይለወጥም። ሃና በሙዚቃ ምት ሰዓት በመለካት የታወቀ ሰው ነበር፤ ድርጊቱ በምት ይቆጠራል፣ የሙዚቃ ደራሲው ስኮት ብራድሊ በዚያ ላይ ይሠራል። እኔም ስሠራ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የእጁን ማረፊያ እወስናለሁ፣ ብረቱን ከዚያ በኋላ እስለዋለሁ። እጁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብረቱ የግድ አለ። ሕፃኑን የሚጠብቀው ቶም አይደለም፣ እርሳስ ነው። ትልቅ ሰው ይህን ሳያስበው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ይስቃል። የ4 ዓመት ልጅ ግን እርሳሱን አያይም። የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ሕፃናት ከፍታ ላይ ቢድሁ ምንም አይሆኑም፣ ከሆኑም የሚይዛቸው አለ።

ልጅዎ ታዲያ ራሱን የት ያስቀምጣል? ሕፃኑ ቦታ ላይ አይደለም፤ ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን አለች፣ እሷ ናት። ጄኒም አይደለም፤ ስልክ ላይ ያለች ሌላ ሰው አለች። የቀረው የቶም ቦታ ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ቶም ሕፃኑን መልሶ ሲያመጣላት ጄኒ ሕፃኑን የወሰደባት መስሏት በመጥረጊያ አናቱን ትለዋለች። ይሰለቻል። በሚቀጥለው ጊዜ ሕፃኑ ከጋሪው ሲወርድ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ ሕፃኑ ጎዳና ወርዶ ጅምር ሕንፃው ውስጥ ሲገባ ቶምም ጄሪም ይበራሉ። እርስዎ «ከኋላ ቆሞ ያያል» ብለው የጻፉት አቋቋም ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ። እህቱን ሊጥላት አልከፈተም። እንድትሄድለት ነው የከፈተው፣ ከዚያ ሮጦ ሊይዛት። ጨዋታው ያለ «መሄድ» አይጀመርምና።

በጥፊው አልፈርድብዎትም። ልጅ ደረጃ አፋፍ ላይ ስትደርስ ያየች እናት እጇን አታዝበትም። ግን ከልጁ ወገን ሆነው ይዩት። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ቶምና ጄሪ ሲሚንቶ ሚክሰር ውስጥ ሳይቀር ገብተው፣ ደክመው፣ ሕፃኑን ተሸክመው ይመጣሉ። ጄኒ ለፖሊሱ «ለአፍታ ዞር ብል ጠፋብኝ» እያለች ነው። ሕፃኑን ነጥቃ እነሱን ታሳስራቸዋለች። ልጅዎ ይህን አሥር ጊዜ አይቷል። ያዳነ ሰው እንደሚመታ ፊልሙ ነግሮታል፣ ጥፊው ደግሞ አረጋገጠለት። ስለዚህ ዛሬውኑ ቁጭ አድርገው «ልትይዛት እንደነበረ ገባኝ፤ በመምታቴ ይቅርታ፤ በጣም ደንግጬ ነው» ይበሉት። ለልጅ ይቅርታ ብሎ ነገር የሚከብዳቸው ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን ያስፈልጋል። ካልሆነ በሚቀጥለው ጊዜ እህቱ ስትወርድ ቢያይ እንኳ መጥራት ይፈራል።

«ካርቱን አይተው አይኮርጁም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እሱም ልክ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ በ1963 ባሳተሙት ጥናት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ 96 ልጆችን ፈትነዋል። ልጆቹ ከሦስት ዓመት ገደማ እስከ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ነበሩ። አንዳንዶቹ አንድ ሰው ትልቅ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ በአካል አዩ፣ አንዳንዶቹ በፊልም። ሦስተኛው ቡድን ያየው ካርቱን መሰል ፊልም ነበር፤ ደብዳቢዋ የጥቁር ድመት ልብስ የለበሰች ሴት ናት። አዎ፣ ድመት! ከዚያ ልጆቹ ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲተዉ፣ ምንም ካላዩት ይልቅ የድመቷን ፊልም ያዩትም የበለጠ ደበደቡ። ይህን ጥናት ግን ከልክ በላይ መለጠጥ አይገባም። አሻንጉሊቱ የተሠራው ሊመታ ነው፣ ጊዜውም ወዲያው ነበር፣ ቦታውም የሙከራ ክፍል ነው። ካርቱን ያየ ልጅ ሁሉ አድጎ ተደባዳቢ ይሆናል አይልም። የሚለው፣ ልጅ ድርጊቱን እንዳለ ይወስዳል፣ የሠራው ድመት ቢሆንም። ልጅዎም የወሰደው ድርጊት ነው። ድርጊቱ ደግሞ ማዳን ነበር።

«ታዲያ እውነትና ፊልም አይለይም ማለት ነው?» ይሉ ይሆናል። ይለያል፣ ግን በግማሽ። በ1990 የታተመ የጆን ፍላቬልና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። ልጆችን «ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ሳህን ፈንድሻ፣ ቴሌቪዥኑ ቢገለበጥ ይፈሳል?» ብለው ጠየቁ። የ3 ዓመት ልጆች ብዙዎቹ ይፈሳል አሉ። የ4 ዓመቶቹ አይፈስም ብለው መለሱ። ልጅዎም ቶም ከስልኩ ውስጥ እንደማይወጣ ያውቃል። ግን ያን ማወቅ ሌላ፣ «እኔ ቤት ያለው ደረጃ እንደዚያ ብረት አይሠራም» ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሰው ሲያስረዳ ደግሞ ቶሎ ይመጣል።

ሌላ የሰማሁት አነጋገር አለ። «ሕፃን ራሱ ከፍታ ይፈራል፣ አፋፍ ላይ ሲደርስ ይመለሳል።» በዚህ እንዳይተማመኑ። ፊልሙ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊኖር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ የታወቀውን የመስታወት ጠረጴዛ ሙከራቸውን አሳተሙ። ከ6 እስከ 14 ወር ያሉ 36 ሕፃናት ጠረጴዛው ላይ ወጡ። ግማሹ መስታወት ከሥሩ ገደል ይመስላል። ከመሃል ከተንቀሳቀሱት 27 ሕፃናት ውስጥ ወደ ገደሉ የዳኹት 3 ብቻ ናቸው። ሰዎች ይህን ይዘው «አዩ፣ ያውቃሉ» ይላሉ። እኔ ግን ሦስቱን ነው የማየው። አጥኚዎቹም ሕፃናቱ ከፍታን መለየታቸው ከመውደቅ እንደማያድናቸው አስጠንቅቀዋል፤ አንዳንዶቹ ዞር ሲሉ ኋላቸው በገደሉ በኩል ይወጣ ነበርና፣ መስታወቱ ባይኖር ይወድቁ ነበር። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ መዳህ ገና የጀመረ ሕፃን ቁልቁለቱ ላይ ዘው እንደሚል፣ ጥንቃቄው ከሳምንታት ልምድ በኋላ እንደሚመጣ አሳይተዋል። የ9 ወር ልጅ ያለችው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ከካርቱኑ በፊት የሚቀድመው በሩ ነው። እርስዎ ስልኩን አጠፉ፣ በሩ ግን ያው በር ነው። የ4 ዓመት ልጅ እጁ የማይደርስበት ከፍታ ላይ መቀርቀሪያ ዛሬ ይምቱበት። የኮንዶሚኒየም የጋራ ደረጃ ላይ የራስዎን መዝጊያ መሥራት አይችሉ ይሆናል፤ የቤትዎ በር ግን የእርስዎ ነው። በረንዳ ካለዎት በብረቶቹ መሃል ያለውን ክፍተት ይለኩ። በብዙ አገር የግንባታ ደንብ ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል፤ ከዚያ ከሰፋ የሕፃን ገላ ያልፋል። ብረቶቹ አግድም ከሆኑ ደግሞ ለልጅ መሰላል ናቸው፣ በወንፊት ሽቦ ወይም በላሜራ ይሸፈኑ። በርጩማ፣ ጀሪካን፣ የአበባ ባልዲ ከበረንዳው ጠርዝ ይራቅ። ወንዱ ልጅ የሚወጣበት እሱ ነው።

ስለ ፊልሙ ያለዎት ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው ያደረጉት ነው፤ ሙሉ በሙሉ መከልከል። አልደግፈውም። ያየውን አያጠፋውም፣ አሥር ጊዜ አይቶታል፣ በቃሉ ይዞታል። ደግሞ ከልክለውት ጎረቤት ሄዶ ያየዋል። ሁለተኛው የባለቤትዎ ነው፤ ምንም እንዳልሆነ መተው። እሱንም አልደግፍም፣ የ9 ወር ልጅ እና አራተኛ ፎቅ እያለ። እኔ የምለው ሦስተኛውን ነው፤ ፊልሙን አንድ ጊዜ አብረው አይተው፣ ከዚያ ማስቀመጥ።

አንድ ጊዜ ስል ሕፃኗ ተኝታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። ታላቁ ሲያይ እሷም አብራ ታፍጣ ይሆናል፤ እሷ እንደማትቆጠር አድርገን ብዙዎቻችን እንረሳታለን።

አብረው ሲያዩ ሁለት ቦታ ያቁሙት። አንዱ ሕፃኑ ከብረት ወደ ብረት ሲሻገር ነው። «ይሄ ብረት ባይመጣ ምን ይሆን ነበር?» ይበሉት። ራሱ ይመልስ። ከዚያ «ብረቱን ያመጣው የሚስለው ሰውዬ ነው፤ የእኛ ደረጃ ላይ የሚስል ሰው የለም» ይበሉት። ቢችሉ ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው ሕፃንና ብረት ያስሉት። ልጅ ራሱ ብረቱን ሲስል እርሳሱን ያየዋል፤ እንደ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ሁለተኛው ማቆሚያ ጄኒ ስልክ የያዘችበት ነው። «ቶም ራሱ ከሚሮጥ ማንን ቢጠራ ይሻል ነበር?» ያን ጊዜ የልጅዎን ሥራ ይስጡት። ሥራው መያዝ አይደለም፣ መጥራት ነው። እህቱ ከፍራሽ ስትወርድ ካየ «እማዬ!» ብሎ ይጮሃል፣ በቃ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለጨዋታ ይለማመዱት። ያለ ምክንያት ቢጠራዎትም አይቆጡ። እሱ መጠበቅ ያለበት ግን እንዳይመስለው፤ የ4 ዓመት ልጅ የሕፃን ዘበኛ አይደረግም።

የማዳን ፍላጎቱንም ቦታ ይስጡት። መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው አሻንጉሊቷ ትውደቅ፣ እሱ ይያዝ፣ እርስዎ ያጨብጭቡለት። ቶም ያላገኘውን ጭብጨባ ያግኝ። ከዚህ በኋላ ይህቺን ፊልምና ሕፃን አደጋ ውስጥ የሚገባባቸውን መሰሎቿን 6 ዓመት እስኪሞላው ያስቀምጡለት። ሌሎቹን ቶምና ጄሪዎች፣ ድመትና አይጥ ብቻ የሚሯሯጡባቸውን፣ ሰው ባለበት ይይ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚቀጥልበትንም ከስልኩ ላይ ያጥፉት።

ሞግዚቷን አሁን አያሰናብቱ። ጄኒ ለአንድ ምሽት የተቀጠረች የሰፈር ልጅ ናት፣ ሥራዋ አንድ ነው፣ ማታ ቤቷ ትገባለች። የእርስዎ ቤት ልጅ ከጠዋት ጀምራ ስንት ሥራ ላይ ናት? እንጀራው፣ ልብሱ፣ ወለሉ፣ ከዚያ ላይ ሁለት ልጅ ከሆነ ጄኒ ብሎ መጥራት አይሆንም። ደግሞ ስልኩ የማን ድምፅ ነው? ከገጠር የመጣች ከሆነች የእናቷ ይሆናል። ቤይሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ የሰው ልጅ እያሳደጉ ይህን የሚያነቡ እህቶቻችን የምለው ይገባቸዋል።

ሌላው፣ በዚያች ደቂቃ ቤት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበራችሁ። እርስዎ ኩሽና፣ እሷ ስልክ ላይ። ሁለታችሁም «እሷ አለች» ብላችሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ሕፃኗን ስትቀባበሉ በአፍ ይሁን። «ይዘሻታል?» «ይዣታለሁ።» መልሱ እስኪመጣ ማንም አይንቀሳቀስ። ለስልክ ደግሞ የታወቀ ሰዓት ይስጧት፣ ሕፃኗ ስትተኛ ለምሳሌ፣ እርስዎም እንዲሁ። ይህን በግልጽ ተስማምታችሁ፣ ሥራዋንም ቀለል አድርገውላት፣ አሁንም ሕፃኗ ወለል ላይ እያለች ስልክ ላይ ካገኟት፣ ያን ጊዜ ያሰናብቷት። ሁለተኛ ዕድል ይበቃል፣ ሦስተኛ አያስፈልግም።

ወደ ሐኪም የሚወስደው ምንድን ነው? እኔ የጻፍኩት ሁሉ ልጁ እየተጫወተ ነበር በሚል ግምት ነው። ይቅርታ ከጠየቁት በኋላ፣ ሳይመሩት፣ «ምን ልታደርግ ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ታሪኩ የማዳን ከሆነ እንዳልኩት ነው። ግን ሰው ሳያየው እህቱን የሚቆነጥጥ፣ የሚገፋ፣ ፊቷ ላይ ትራስ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ወይም «ትሂድልኝ» እያለ በንዴት በሩን ደግሞ የሚከፍት ከሆነ፣ ነገሩ ከካርቱን አልፏል። ሁለቱን ለብቻቸው አይተዋቸው፣ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱትና ወደሚመለከተው ይመሩታል። በታናሽ መቅናት ግን በራሱ በሽታ አይደለም።

ባለቤትዎ «እኛም ያየነው ነው» ያሉት እውነት ነው፣ እኔም አይቼ ነው ካርቱን ሠሪ የሆንኩት። ግን እኛ ያየነው ሰዓት ጠብቀን፣ ከታላላቆቻችን ጋር ተደርድረን፣ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ መብራት ይጠፋል፣ ወይም ዜና ይጀምራል፣ ወይም ሂዱ አጥኑ እንባላለን። መልሶ ማየት የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ፊልሙን ለመጨረሻ ጊዜ ስታዩት እሳቸውም ይቀመጡ። ስድስት ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። ጄኒ ከስልኩ ስንት ጊዜ ቀና እንደምትል ይቁጠሩልን፣ የራሳቸውን ስልክ ሌላ ክፍል አስቀምጠው።